የመዶሻ እጀታና የጄት ሞተር

ባለፈው ሳምንት፣ በማስተምርበት የቴክኒክ ኮሌጅ አንድ ተማሪ ካርቶን ታቅፎ ወደ ላቦራቶሪው ገባ። ካርቶኑ ውስጥ አጎቱ ከውጭ የላከለት የጨዋታ ዕቃ ነበር፤ በኮምፒውተር የጦር ጄት የሚያበርሩ ልጆች የሞተሩን ኃይል በግራ እጃቸው የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት፣ ትሮትል የሚባለው እጀታ። ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ሸጋ ዕቃ ነው።

«ቲቸር፣ እጄና ጄቱ አልተግባቡም» አለኝ። «እስከ ግማሽ ስገፋው ሞተሩ አይሰማኝም፤ ከዚያ ትንሽ ስጨምር ባንዴ ይጮኻል።»

አብረን ኮምፒውተሩን ከፈትን። እጀታው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ለማሽኑ አስተዋወቅነው፣ የኃይሉን አካሄድ አስተካከልነው፤ የቀረበልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ልጁ አመስግኖ ሄደ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ። ይህንኑ ሥራ በወጣትነቴ ከአባቴ ጋር አንድ ሙሉ ክረምት ታግለንበታል፤ ያኔ የያዝነው የጨዋታ ነገር አልነበረም።

አባቴ በወጣትነቱ ደብረ ዘይት የጄት ሞተር መካኒክ ነበር። አብርሮ አያውቅም። የእሱ ሥራ የተጠገነውን ሞተር መሬት ላይ መፈተን ነው። የአውሮፕላኑ ጎማ በታኮ ይያዛል፣ ፍሬኑ ይረገጣል፣ አባቴ አብራሪው ወንበር ላይ ይወጣና ግራ እጁን ትሮትሉ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ሞተሩን ከሚኒሞ፣ ማለትም ከዝቅተኛው አዟዟሩ፣ በደረጃ እስከ ሙሉ ኃይሉ ያወጣዋል፤ ያዳምጠዋል፤ በደረጃ መልሶ ያወርደዋል። «የሞተር ጤና የሚታወቀው በግራ እጅ ነው» ይል ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገሩ ተመለሰና አዘዞ ቤት ሠርቶ ወፍጮ ጠጋኝ ሆነ። ከማክሰኝት ቆላ እስከ ዳባት ደጋ ድረስ ወፍጮ የቆመበት ሰው ሁሉ «አያ ሙሉን ጥሩ» ነበር የሚለው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወሰድኩ ሰሞን አባቴ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድ ወፍጮ ሲፈታ ወደቀ። ደም ግፊት ነበር። አንደበቱንና አእምሮውን እግዜር ተወለት፤ ግራ ጎኑን ግን ያዘው። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል። እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደወደቀ ቀረ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ ክንዱ ደረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ሲቀመጥ በቀኝ እጁ አንስቶ የሚያስቀምጠው ነገር ሆነ።

የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጠው ወጣት ባለሙያ እናቴንና እኔን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «እጁ አልሞተም። ግን በየቀኑ ካላሠራው ይደርቃል። ክረምቱን እንዳታባክኑት» አለን። አንድ የጎማ ኳስም ሰጠን፤ እንዲጨብጠው።

አባቴ ኳሱን አየውና ወደ ግድግዳው ዞረ። «ልጅ አደረጋችሁኝ እንዴ?» አለ። እናቴ ይታይሽ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ የንስሐ አባቱን አስመጣችበት። እሱ ቃሉ አንድ ነበር። «ይታይሽ፣ ተይኝ። አንድ እጅ ያለው መካኒክ ምን ሊረባ።» ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። አዘዞ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ድሮ «ይቺ ሞተሯ ሸጋ ነው» የሚለው ሰውዬ አሁን ቀና እንኳ አይልም። እኔን ከእጁ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነበር። ሰው ከሚወደው ድምፅ ጋር ሲኳረፍ ምን እንደሚቀረው አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

የአጎቴ ልጅ አስቻለው የከተማችን መሃል በሆነው አራዳ ኮምፒውተር ቤት ነበረው። ቀን ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ ከትምህርት በኋላ ልጆች ጌም ይጫወቱበታል። አንድ ቀን ከዝናብ ለመጠለል ገብቼ አንድ ልጅ ጄት ሲያበር አየሁ። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ነበር፣ ፉጨቱ ወፈረ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው። ሕፃን ሳለሁ አባቴ እያዘለኝ በአፉ የሚያሰማኝ ድምፅ ራሱ ነው። ዝናቡ ሲያባራም ከዚያ አልተነቃነቅሁም።

«አስቻለው» አልኩት፣ «አንድ ማሽን ለክረምቱ አውሰኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ለአባቴ ነው።»

«አያ ሙሉ ጌም ሊጫወት?»

«ሊሠራበት።»

አስቻለው ብዙ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ማሽን፣ ጨዋታው የተጫነበት፣ ጆይስቲክ ከሚሉት የተሰበረ የጌም መሪ ጋር ሰጠኝ። «ትምህርት ተከፍቶ ሥራ ሲበዛብኝ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ። የዚያን ዘመን ሞኒተር ወገብ ይሰብር ነበር። በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ረዳቱ፣ «ምነው፣ የታመመ ሰው ነው እንዴ እንዲህ የሸፈንሽው?» አለኝ። «የታመመስ ቤት ነው ያለው» አልኩት። ሳቀና ጭቃ እንዳይነካው በሩን ያዘልኝ።

አባቴ ማሽኑን እንዳላየ ሆነ። አበራሁት፣ ጄቱን ሜዳው ላይ አቆምኩት፣ ሞተሩን አስነሳሁት። ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ ጆሮውን አዘነበለ። ከዚያ፣ «ድምፁን ጨምሪው» አለ። ጨመርኩት። ወንበሩን በቀኝ እጁ ገፍቶ ወደ ማሽኑ ዞረ።

«ኃይል ስጪው» አለኝ።

የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫንኩ። ሞተሩ ጮኸ። አባቴ ፊቱን አጨማደደ። «ጄት በጣት ይጫኑታል እንዴ? እጀታው የታል?»

«እሠራልሃለሁ» አልኩት። እንዴት እንደምሠራው አላውቅም ነበር።

የተሰበረውን ጆይስቲክ በአባቴ ካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ ሲዞር የኤሌክትሪኩን መጠን የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ አገኘሁ፤ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ፣ ቮሊየም የምንለው ዓይነት። የጆይስቲኩ አርጅቶ ተልጧል። ስለዚህ አራዳ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ወደ አያ ታደለ ሄጄ ከሞተ ሬዲዮ ላይ አንድ ቮሊየም ለመንኳቸው። ሽቦውን እሳቸው በየዱልኝ። ቤት ስመለስ ከሻይ ሣጥን ጣውላ ሳጥን መታሁ፣ የአባቴን የተሰበረ መዶሻ እጀታ ሰርስሬ ከቮሊየሙ ዘንግ ጋር አጋጠምኩት። አባቴ ሥራዬን ከጎን እያየ፣ «ምስማሩን አታጣምሚው» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም።

እጁ እጀታውን መጨበጥ ስለማይችል በጨርቅ አሰርኩለት። ገፋ። ትከሻው ነበር የሚገፋው፤ ክንዱ ተከትሎ ጥቂት ሄደ። ጄቱ ዝም አለ። እንደገና ገፋ፤ አሁንም ዝም። እኔ በእጄ ደግፌ ወደ ፊት ስወስደው ሞተሩ ባንዴ አበደ።

«ይህ ሞተር በሽተኛ ነው» አለ አባቴ፣ ጨርቁን በጥርሱ እየፈታ።

በማግስቱ አያ ታደለ ዘንድ ተመለስኩ። የሽቦ ስህተት መስሏቸው አዩት፤ ሽቦው ደህና ነው። «እንግዲህ ልጄ፣ ያሮጌ ዕቃው ቆርቆሮ ያውልሽ፣ መለኪያውም ያውና፣ እየለካሽ ፈልጊ» አሉኝ። ሱቃቸው ጥግ ተቀምጬ ከቆርቆሮው እያወጣሁ አንድ ባንድ አዞርኩ። የመለኪያው መርፌ መጀመሪያ ይለግማል፣ መጨረሻው ላይ ይዘልላል። ሁሉም እንዲያ ናቸው። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየበላሁ ዋልኩ፣ በማግስቱም ዋልኩ። በመጨረሻ ከአንድ ትልቅ ቴፕ የወጣ ቮሊየም ሳዞር መርፌው ከእጄ ጋር እኩል ሄደ። የድምፅ መጨመሪያ ሳይሆን ድምፁን ለቀኝና ለግራ ማሰሚያ የሚያካፍለው፣ ባላንስ የሚሉት ነበር። አያ ታደለ አዟዙረው አይተው ገረማቸው። «ለማካፈል የተሠራ ስለሆነ ነዋ» አሉ፣ «ሌላው ለጆሮ ነው የተሠራው፤ ጆሮ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሰማ።»

አሁን እጀታውና ሞተሩ ተገናኙ። ግን የአባቴ እጅ የሚሄደው የእጀታውን መንገድ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ያን ጊዜ ማሽኑ ውስጥ የእጀታውን መነሻና መድረሻ የሚያስመዘግብ ቦታ እንዳለ አስቻለው ነገረኝ። የአባቴ እጅ የምትደርስበትን ያቺን አጭር መንገድ «ይህ ሙሉ ነው» ብዬ ለማሽኑ ነገርኩት። በማግስቱ አባቴ ገፋ፤ ጄቱ እስከ መጨረሻ ጮኸ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቴ ላብ አጥልቆት ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያው ነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ በቀኝ እጁ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ አገኘሁት።

«ማስተዋል፣ ነይ እዚህ» አለኝ። «እጀታው ገና መንገድ አለው። ሞተሩ ግን እዚህ ላይ አልቋል። ለምንድን ነው?»

ነገርኩት። እጁ ቀስ በቀስ ሲበረታ እያሰፋሁ ልሄድ አስቤ እንደሆነም አስረዳሁት።

«አስበሽልኛል» አለ ረጋ ብሎ። «ግን እኔ ሞተር ፈታኝ ነኝ። ሙሉ ያልሆነውን ሙሉ ነው ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ወደ ልኩ መልሽው።»

«ወደ ልኩ ከመለስኩት አትደርስበትም እኮ አባ።»

«ዛሬ አልደርስም።»

መለስኩት። ያኔ እሱ ራሱ መላ አመጣ። የሳጥኑ ጎን ላይ፣ እጀታው በሚሄድበት መንገድ ቀዳዳዎች አሰረሰረኝ። አንዱ ቀዳዳ ላይ ምስማር ሲሰካ እጀታው እዚያ ድረስ ሄዶ ይቆማል። «ሞተር የሚፈተነው በደረጃ ነው» አለ። «አንዱ ደረጃ ላይ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አይኬድም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስማሩን የሚያነሳውና የሚሰካው እሱ ብቻ ሆነ።

ክረምቱ በዚህ ቀጠለ። ጠዋት ቁርሱን፣ ድንችና በርበሬውን፣ ይበላና ማሽኑ ፊት ይቀመጣል። ሞተሩን ያስነሳል፣ እስከ ምስማሩ ይገፋል፣ እዚያ ላይ ይይዛል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ የጄቱም ድምፅ አብሮ ይንቀጠቀጣል። «አልረጋም» ይላል። ድምፁ ቀጥ ብሎ እስኪሰማ ድረስ ቀዳዳውን አይለውጥም። መብራት ሲሄድ እጀታው ላይ እንደታሰረ መብራቱን ይጠብቃል። ውጭው ጭቃ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጎመን ይቀቅላል፣ ጉም ከተራራው ወርዶ አጥራችን ላይ ይተኛል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ድምፁን አዳምጣለሁ። ሳላውቀው ጆሮዬ ሠለጠነ፤ ሞተሩ ሲያመነታ ከእሱ እኩል እሰማው ጀመር። ነሐሴ ላይ ጨርቁን ፈታነው፤ ጣቶቹ እጀታውን መያዝ ችለው ነበር።

ከዚያ ቆመ። ከመንገዱ እኩሌታ ትንሽ አለፍ ብሎ ክንዱ አልዘረጋ አለ። መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ፣ ምስማሩ እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ጨርሶ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለኝ ነበር። እሱ አይማረርም፤ ይቀመጣል፣ ይገፋል፣ «አልረጋም» ይላል፣ ይነሳል። በዚህ መካከል ውጤቴ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ጅማ ደረሰኝ።

«ይህን ዓመት አልሄድም» አልኩ ማታ ራት ላይ። «አንተ ሙሉው ላይ ስትደርስ እሄዳለሁ።»

አባቴ ጉርሻውን አስቀመጠ። «ሙሉው የኔ ሥራ ነው» አለ። «ያንቺ ሥራ ጅማ ነው።»

እናቴ ወደ እኔም ወደ እሱም ሳታይ፣ «ቦርሳሽን እኔ አዘጋጅቼዋለሁ» አለች። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ስሄድ አባቴ እስከ አስፋልቱ በምርኩዙ ሸኘኝ። ምስማሩ ያለችበትን ቀዳዳ በልቤ ይዤ ሄድኩ።

ጅማ እያለሁ ስልክ ስደውል «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ፣ «ደህና» ይለኛል። ስለ እጁ ከጠየቅሁት ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። ለዕረፍት ቤት የተመለስኩት በጥር መጨረሻ ነው። ግቢው ጸጥ ብሏል። ማሽኑ የነበረበት ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ሳጥኑ ብቻ መዶሻ እጀታውን እንደተከለ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

«አባስ?» አልኳት እናቴን።

«ማክሰኝት ወርዷል፣ ወፍጮ ሊሠራ።»

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። እናቴ አስቀመጠችኝና ነገረችኝ። አስቻለው ኅዳር ላይ ማሽኑን ሊወስድ መጣ። አባቴ «አንዴ ብቻ ታገሠኝ» አለውና ተቀመጠ። ምስማሩን ከቀዳዳው ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ገፋ፤ እኩሌታውን አለፈ፤ ክርኑ ሲዘረጋ እናቴ አይታ ስታማትብ እጀታው ጣውላውን ነካ። ድምፁ ሙሉ ነበር፣ ቀጥ ያለም ነበር። አስቻለው ደስ ብሎት፣ «አያ ሙሉ፣ ፍሬኑን ይልቀቁትና ጄቱ ይነሳ» አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩን ቀስ አድርጎ በደረጃ አወረደው፣ ሚኒሞ ላይ ጥቂት አቆየው፣ አጠፋው። «በል ውሰደው፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ።

«ከዚያ ወዲህ» አለች እናቴ፣ «ማሽን ስለሌለ ሞተሩን በአፉ እያጓራ ነው እጀታውን የሚገፋው። ጎረቤት ምን ይለን ይሆን እያልኩ በሩን እዘጋለሁ።» ሳቋ መጣና በነጠላዋ ሸፈነችው።

ያኔውኑ ሚኒባስ ይዤ ማክሰኝት ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር። መንገዱን ዳር ዳር አህዮች ጤፍ ተጭነው ይሄዳሉ፣ ሴቶች የሽምብራ እሸት ከነተክሉ በእቅፍ በእቅፉ ይሸጣሉ። ወፍጮ ቤቱን በሕዝቡ ለየሁት፤ እህል የያዘ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። አባቴ ውስጥ ነበር። በግራ እጁ ኪያቤውን ብሎኑ ላይ ይዞ በቀኙ ይመታዋል። የግራ ጣቶቹ ግትር ናቸው፣ ይንቀጠቀጣሉም፤ ኪያቤው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲያየኝ አላቆመም።

«መጣሽ?» አለኝ። «ያቺን ቺንጋ አቀብይኝ።»

የወፍጮውን ቀበቶ አቀበልኩት። ወፍጮው ሲነሳ አባቴ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ እኔም አዳመጥኩ። በመካከሉ ተያየን። «የላይኛው ኩሽኔታ» አልኩት። «አዎ፣ እሱ ነው» አለና አስቆመው፣ እንደገናም ፈታው።

ሥራው ሲያልቅ በሩ ላይ ባዶ ኬሻ ዘርግተን ተቀመጥን። የወፍጮው ባለቤት እሸት ሽምብራ አመጣልን። አባቴ አንዱን ፍሬ በግራ ጣቶቹ ይዞ ቅርፊቱን ለመስበር ታገለ። እጄን ልልክ ብዬ ተውኩት። ፍሬው ሁለት ጊዜ ወደቀበት፣ አነሳው፣ ሰበረው፣ በላው። ሌላ አነሳ።

«አባ፣ ለምን አላበረርከውም?» አልኩት። «አስቻለው ይነሳ እያለህ።»

ማኘኩን እስኪጨርስ ቆየ። «እኔ የፈተንኩት ሞተር ስንቱን ልጅ ይዞ ወጥቷል» አለ። «ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሜዳው ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመለስ ነው ደስ የሚለኝ። መነሳቱ አያጓጓኝም ነበር።» ከዚያ የሽምብራውን እቅፍ ወደ እኔ ገፋው፣ በግራ እጁ። «ብዪ፣ ከስተሻል።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቶ ነው ያረፈው። እጁ ጨርሶ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ብርድ ሲሆን ይጨብጠው ነበር፣ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍም እናቴ ነበረች የምትቆልፍለት። ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሁሌ የሚወዱት ኅዳር ላይ ሙሉው ላይ የደረሰበትን ነው። እኔ ያን ቀን አልነበርኩም። የኔ ድርሻ መስከረም ነው፤ ምንም ያልተንቀሳቀሰበት፣ «አልረጋም» እየተባለ ጠዋቱ ያለፈበት መስከረም። ድሮ የባከነ ጊዜ ይመስለኝ ነበር። አሁን፣ በእሱ ዕድሜ አካባቢ ስደርስ፣ ክንዱ የተዘረጋው በዚያ ወር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ለዓይን አልታየንም እንጂ።

በዚህ ዓመት እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ተጠግኗል። ከሥራ ስመለስ ከሰዓት ከሰዓት አዘዞ እየሄድኩ አስነሳታለሁ። አንዳንድ ቀን ከደጃፉ አናልፍም፤ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ምንም አልላትም። ትናንት ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደረስን። ተሳለመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ደክሟት ይሆናል ብዬ ለመመለስ ክንዷን ስይዛት እጄን ቀስ አድርጋ አወጣችው።

«ልቀቂኝ» አለችኝ። «ከኋላዬ ነይ።»